ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ

አቶ አድማሴ በመካነ ሰላም መናኸሪያ ወደ ወግዲ የሚሄድ መኪና ሲጠብቁ፣ ከማያውቋት ሴት ጋር አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በዕድሜያቸው ብዙ ሰው መክሯቸዋል፤ የሰሙት ግን ጥቂቱን ነው። የዚያን ቀኑንም ባይሰሙት ኖሮ ለእርሳቸው ይቀልላቸው ነበር።

ከእግራቸው ሥር ልጃቸው የኔአለም ከዱባይ የላከችው የድምፅ ዕቃ ተቆልሏል፤ ሁለት ስፒከር፣ አንድ አምፕሊፋየር፣ በጨርቅ የተጠቀለለ ማይክ። ከአቀስታ እስከ ወግዲ ያለ አድማሴ ዕቃ ሰርግ አይደምቅም ይባል ነበር። ባለፈው ጥር ግን ዘፋኙ መለሰ ማይኩን እንደ ጨበጠ ዳስ ውስጥ ወድቆ ሞተ። ነገ ወግዲ ሰርግ ላይ በዚያው ማይክ የምትዘፍነው የመለሰ ሚስት የሺእመቤት ናት። ድምፅ አላት፤ የምታሳድጋቸው ሦስት ልጆችም አሏት።

ሴትዮዋ ምስክር ትባላለች፤ ኤሌክትሪክ የምታስተምር መምህር ናት። ዐይኗ የአምፕሊፋየሩ ገመድ ጫፍ ላይ ቀረ።

«አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን መሰኪያ ማን ገጠመው?»

«እኔው ነኝ። የዱባዩ ባለ ሦስት ጥርስ ነው፤ የእኛ ግድግዳ ሁለት ቀዳዳ። ቆርጬ ባለ ሁለቱን ገጠምኩበት። አብሽሪ ልጄ፣ ደህና ይሠራል።»

«ቢጫና አረንጓዴው ሽቦስ?»

«እሱ ሥራ ፈት ነው። ሳይገጠምም ዕቃው ይጮኻል። ቆርጬ ጣልኩት።»

«ማይኩን ለምን በጨርቅ ጠቀለሉት?»

«አልፎ አልፎ ይነዝራል። ማይክ መቼም ሳይነዝር አይቀርም።»

ምስክር ለማስረዳት አልቸኮለችም። የሚያውቅ ሰው አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የማያውቀው ነው አስቀድሞ የሚናገረው።

«ሰው ተጎድቶበት ያውቃል?»

«አንድ ሰው ሞቶብናል» አሉ መሬት መሬቱን እያዩ። «በሽቦ ግን አይደለም። ድምፁ ሲበዛ ያማረ ነበር፤ የሰው ዐይን በላው። ጫማውን አውልቆ ሲዘፍን ያየው ሁሉ ጉድ ሲል ነበር።»

«ጫማውን ለምን አወለቀ?»

«ዳሱ ረጥቦ ነበራ። አቧራው እንዳይነሣ ሴቶቹ ውኃ ይረጩና ቄጠማ ይጎዘጎዛል። አዲስ ጫማው እንዳይጨቀይበት ሳሳለት።»

«አባቴ፣ ገበሬ ሳይሆኑ አይቀሩም። ማሳዎ ላይ ውኃ እንዳይተኛ ቦይ ያወጡለት የለ? ያ ሽቦ ቦዩ ነው። ዕቃው ውስጥ ገመድ ተልጦ ብረቱን ሲነካ፣ ኤሌክትሪኩ በዚያ ወደ መሬት ይወርዳል፤ ቆጣሪው ላይ ያለው ማቋረጫም ይቆርጠዋል። ቦዩ ከተደፈነ ሌላ መውረጃ ያገኛል። በማይኩ ገመድ መጥቶ የማይኩን ብረት ይይዛል፤ በባዶ እግሩ እርጥብ መሬት ላይ የቆመው ሰው መውረጃ ይሆናል። የጨበጠ እጅ ደግሞ ልልቀቅ ቢል አይለቅም።»

«ጨርቁስ?»

«ጨርቅ በላብና በትንፋሽ ይርሳል።»

«የተጻፈ ቀን አይታለፍም ልጄ» አሉ አድማሴ፤ ድምፃቸው ግን ከቅድሙ ዝቅ ብሏል።

ሽማግሌው ነገሩ ሳይገባቸው ቀርቶ አልነበረም። መለሰን ዐይን ከበላው ጥፋቱ የማንም አይደለም። ሽቦው ከገደለው ግን ፒንሳውን የያዘው እጅ የማን እንደ ነበር ይታወቃል። ብዙ አጉል ልማድ የሚኖረው ሰው ስለሚያምንበት ሳይሆን ስለሚሸሸግበት ነው።

«ቀኑን እግዚአብሔር ያውቃል» አለች ምስክር። «ሽቦውን የቆረጥነው ግን እኛ ነን። ነገ ማይኩን የሚይዘው ማን ነው?»

አድማሴ ወደ ሱቆቹ ዞረው አዩ። አብራቸው ወደ ወግዲ የምትሄደው የሺእመቤት ለነገው ሰርግ የምታወልቀውን ጥቁር ሻሽ እንዳሰረች ከሱቅ ወደ እነርሱ ትመጣ ነበር።

«ምን ይደረግ?» አሉ በቀስታ።

«ነገ በዚህ ዕቃ አይዘፈን። ባለ ሦስት ሽቦ መሰኪያ ይገጠምለት፤ የመሬት መስመር በሌለበት ያ ሽቦ የሚታሰርበት የብረት ዘንግ መሬት ውስጥ ይተከል፤ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ማቋረጫ ይግባለት። ይህን ባለሙያ ይሥራው፤ በፒንሳ የሚሞከር አይደለም። ዘፋኝ ጫማ አድርጎ ደረቅ ሳንቃ ላይ ይቁም፤ በዚያ ዙሪያ ውኃ አይረጭ። ሰው ከተያዘ ደግሞ አይንኩት፤ መጀመሪያ ዋናውን መስመር ከቆጣሪው ያጥፉ። ከሁሉ በላይ፣ ነዘረኝ ያለ ካለ ዘፈኑ ያን ጊዜውኑ ይቁም።»

የመጨረሻዋ ቃል አድማሴን አንገታቸውን አስደፋቻቸው። የሺእመቤት አጠገባቸው ስትደርስ አስቀመጧትና፣ ከፒንሳው ጀምረው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት።

የሺእመቤት ወደ ማይኩ አየች።

«ያን ቀን ነዘረኝ ብሎዎት ነበር?»

«ሁለት ጊዜ ብሎኛል።»

«ምን አሉት ጋሼ?»

«ጨርቅ ደርብበት አልኩት።»

የሺእመቤት አላለቀሰችም። ተነሥታ ሌላ ድንጋይ ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። የወግዲው ሰርግ በከበሮና በጭብጨባ አለፈ።

ዛሬ የአድማሴ ዕቃ ከማቋረጫው፣ ከመሬት ዘንጉና ከሳንቃው ጋር ይዞራል። ሰርግ ወደ ለቅሶ አይለወጥም፤ ዘፋኙም ዘፍኖ ወደ ልጆቹ ይገባል። ከአጅባር ሳይቀር ባለ ድምፅ ማጉያዎች እየመጡ አይተው የራሳቸውን አስተካክለዋል። ውኃ ልትረጭ እንስራ ይዛ ወደ መድረኩ የምትጠጋ ካለች፣ ሽማግሌው ራሳቸው በልመና ይመልሷታል።

የሺእመቤት አሁንም በእርሳቸው ዕቃ ትዘፍናለች። አድማሴ ማይኩን ኤሌክትሪክ እንደሌለበት በቴስተር ሞክረው ሲዘረጉላት ግን ከእጃቸው አትቀበልም። ሳንቃው ላይ እስኪያስቀምጡት ትጠብቅና ራሷ ታነሣዋለች።