ከወፍጮው ያስቀረሁት ጆሮ

በእኛ ጊዜ፣ ያው በደርግ ጊዜ ማለቴ ነው፣ ሐይቅ ከተማ ላይ የገበሬ ማኅበሩ ወፍጮ ነበረ፤ ወፍጮኛው እኔ ነበርኩ። ብዙ ወሬ አላውቅም፤ እናንተ ልጆች ጠይቃችሁኛልና ይችን ታህል ላውጋችሁ። ወፍጮው በናፍጣ ነው የሚሠራ፤ ቤቱ ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው፤ ታዲያ ሞተሩ ተነሥቶ ዱክ ዱክ ዱክ ሲል፣ ድንጋዩ ደግሞ ከሥሩ ሲያጓራ፣ ውስጥ ያለ ሰው ደረቱ ሁሉ ይርዳል። ከአርዲቦ በኩል እህል በአህያ ጭነው የሚመጡት ሴቶች ከሩቅ ነው የሚሰሙት። እና እኔ ጧት እገባለሁ፣ ከቀትር በኋላ ለዐስር ሰላት እወጣለሁ።

ሥራውን ያስተማረኝ አያ ይመር ነው፤ ከእኔ በፊት የነበረ ወፍጮኛ። አያ ይመር ወላሂ ድፍን ያለ ደንቆሮ ነበረ። እጅጌውን ካልጎተትከው አይዞርም። ታዲያ ይህን እንደ ማዕረግ ነው የሚያየው። እኔ ሰው ሲጠራኝ ዞር ካልኩ ይስቅብኛል። ሲናገር ይጮኻል፣ የራሱን ድምፅ አይሰማማ፣ «አንተ ሰይድ፣ ጆሮህ አሁንም ይሰማል? እንግዲያው ገና ተማሪ ነህ» ይለኛል። ሴቶቹ ይስቃሉ፣ እኔም እስቃለሁ። ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምናስብ፤ ወፍጮኛ ሥራው ሲገባው ይደነቁራል፣ በቃ።

ሦስት ዓመት ያህል እንደሠራሁ ጆሮዬ ውስጥ ፉጨት መጣ። ወደ ቤት ስገባ ሲሪሪሪ ይላል፣ ሲነጋ ይለቀኛል። ተውኩት። ኋላ ሲነጋም አልለቅ አለኝ፤ እሱንም ተውኩት። ታዲያ አንድ ጁምዓ፣ ወፍጮው ቆሟል፣ ደጃፌ ላይ ተቀምጫለሁ። ባለቤቴ ዘይነባ መጣችና ምን ትጠብቃለህ አለችኝ። አዛን አልኳት።

«አዛን ካለ ቆየ እኮ፤ ሰዉ ሰግዶ እየተመለሰ ነው» አለች።

መስጊዱ ከቤታችን ከዚህ እስከዚያ ዛፍ ነው፣ እዩት፣ ይህን ታህል ነው። ያን ጊዜ ፈራሁ። አያ ይመርን አሰብኩት፤ ያ ሰው በሰው መሀል ብቻውን ነው የሚኖር። ሰው ሲስቅ ይስቃል እንጂ ምን እንዳሳቀው አያውቅም።

እና ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ድሬሰሩ ታደሰ የሚባል ያምባሰል ልጅ ነው፣ የክርስቲያን ልጅ፣ ቀልደኛ። ሰዓቱን ከእጁ ፈታና ጆሮዬ ላይ ለጠፈልኝ። በቀኜ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ በግራዬ ምንም የለም። ይመለሳል ወይ አልኩት።

«የሄደው አይመለስም ጋሽ ሰይድ። የቀረህን ግን ማስቀረት ይቻላል» አለኝ።

ጥጥ ልወትፍበት አልኩት፤ ጥጥ ለብርድ ነው፣ ለሞተር አይሆንም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ከቁም ሣጥኑ የጆሮ መሸፈኛ አወጣ፤ ሁለት ክብ ክብ ነገር፣ በራስ ላይ በሚያልፍ ቆልማማ ብረት የተያያዘ። መንገድ ሲሠራ ዓለት የሚበሳ ሰው ታሞ ተኝቶ ሲድን ለታደሰ ትቶለት የሄደ ነው። አደራረጉንም ነገረኝ፣ ደጋግሞ ነገረኝ፤ አጠገብህ፣ ክንድህን ዘርግተህ የምትደርስበት ሰው እንዲሰማህ መጮህ ካለብህ፣ እዚያ ቦታ ጆሮህ እየተጎዳ ነው፣ ሸፍነው። ሞተሩ ሳይነሣ አድርገው፣ ቆሞ ጸጥ ሲል አውልቀው። ለወሬ ብለህ መሀል ላይ ብታወልቀው ግን እንዳላደረግኸው ቁጠረው፤ ማውራት ካማረህ ውጣና አውራ።

ይዤው ሄድኩ። አያ ይመር ሲያየኝ እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከሳቁ ኋላ ግን ተቆጣ። ለካስ የሚያስቆጣም ነገር አለው፤ ገና ሲሰማ የለመደው ነው። ወፍጮኛ ድንጋዩን በጆሮ ነው የሚጠብቀው፤ ድንጋዮቹን የሚያቀራርበው መዘውር ሲላላ ዱቄቱ ይሻክራል፣ ሲጠብቅ ይቃጠላል፣ እህሉ ካለቀ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጭና አሸዋ ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ሄዶ ለማኅበሩ ሊቀመንበር ነገረው። ሊቀመንበሩም መጣና የአንድ ሰው እህል ከተበላሸ ወፍጮውን ትለቃለህ አለኝ። ሦስት ልጅ አለኝ እንግዲህ፤ መሬቴ ደግሞ ሚጢጢ ናት። ብለቅ የት እገባለሁ?

ግን አደረግሁት። መጀመሪያ ግራ ገባኝ፣ ዓለም የራቀኝ መሰለኝ። ታዲያ ትንሽ ስቆይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ የሞተሩ ጩኸት ሲርቅልኝ የድንጋዩ ድምፅ ለብቻው መጣልኝ። ድሮ ሁለቱ ተደባልቀው ነበር ለካ። ደግሞ እጄን ዱቄቱ ሥር አደርጋለሁ፤ ከሞቀ ጠብቋል። እግሬም ያውቃል፤ እህሉ ሊያልቅ ሲል ወለሉ ሌላ መርገፍገፍ ይርገፈገፋል።

በገበያ ቀን አያ ይመር መጣ። ከኋላዬ ቆሞ ያያል መስሎኝ ማሽላዬን እፈጫለሁ። ለካ በጎኔ እጁን ሰዶ መዘውሩን ቀስ አድርጎ አጠበቀው፣ ሊፈትነኝ። ድንጋዩ ሲጨነቅ ወዲያው ሰማሁት፤ እጄን ሰደድኩ፣ ዱቄቱ መሞቅ ጀምሯል። ዞር ሳልል መዘውሩን መለስኩ። ከዚያ ነው የዞርኩት። እጁ ገና መዘውሩ አጠገብ ነው። ሴቶቹ አዩት። እሱም መሬት መሬት አየ።

ሞተሩን ሳቆም ወደ እኔ መጣና መሸፈኛውን ከራሴ ላይ በገዛ እጁ አወለቀው። አገላብጦ አየው። ታዲያ ሳይጮኽ፣ እንዴት እንዳወቀበት እንጃ፣ በቀስታ «ይህ በእኔ ጊዜ የት ነበር?» አለኝ። ብመልስለትስ መች ይሰማኛል።

ኋላ ለሊቀመንበሩ የነገረው ራሱ አያ ይመር ነው፣ ቀድሞ የከሰሰኝ ሰው፣ ለወፍጮው ሰው ሁሉ ይህ ነገር ይፈለግለት ብሎ የጮኸው። ከብዙ ደጅ ጥናት በኋላ ሁለት መጣ። ወረፋ የሚጠብቁትንም ሴቶች ከወፍጮ ቤቱ አስወጥተን ዛፍ ሥር አስቀመጥናቸው፤ ልጅ ያዘሉ ነበሩ እኮ፣ እነዚያ ሕፃናት ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር የሚጠብቁት። ዛሬ ሳስበው ይከፋኛል። ግን ቀረ፣ አልሃምዱሊላህ።

ይኸው ነው። በቀኜ ብቻ ዕድሜዬን ሁሉ ሰማሁ፤ የልጆቼን ሠርግ ሰማሁ፣ የልጅ ልጆቼን ለቅሶ ሰማሁ፣ በቃኝ።

ምን አልሽ አንች ልጅ? አዎ አንችን ነው፣ ከበሩ ሥር ያለሽውን። ለጓደኛሽ በሹክሹክታ «እኝህ ሰውዬ ዛሬ አያበቁም» አላልሽም? ሰምቻለሁ እኮ። በግራዬ ብትቀመጭ ታመልጭ ነበር። በይ ሳቂ፣ አብቅቻለሁ።