አልጋው ላይ የቀረችው ስንዱ

(በአንድ የወሎ ከተማ፣ በጡረታ የወጡት አዋላጅ የሲስተር ዘውድነሽ ትንሽ የግል ክሊኒክ፤ የሰባት ወር ነፍሰ ጡሯ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ስንዱ ከምርመራ አልጋው አልወርድም ብላለች።)

ዘውድነሽ፦ ውረጂ እንጂ ልጄ! ውጭ ሌላ እናት ትጠብቃለች።

ስንዱ፦ «እዚሁ አዋልድሻለሁ» ይበሉኝና እወርዳለሁ።

ዘውድነሽ፦ ክትትልሽን እኔ አደርጋለሁ፤ ምጡ ሲመጣ ግን ሆስፒታል ነው።

ስንዱ፦ ያንን በር አልረግጥም። ስንቷን አዋላጅ አማርጬ ነው እርስዎ ጋ የደረስኩት! ባሌን እንኳ እንዲህ አላጣራሁም።

ዘውድነሽ፦ እሱን በምን መረጥሽው?

ስንዱ፦ ተማሪዬ ነበር። መንጃ ፈቃድ ሲፈተን በወደቀ ቁጥር አንጀቴን ሲበላኝ አገባሁት። አሁንም የምነዳው እኔ ነኝ።

ዘውድነሽ፦ እኔስ በምን ተመረጥኩ?

ስንዱ፦ አንዷ ስልክ እያወራች ሆዴን ለካች። ሌላዋ «በዚህ ዕድሜሽ?» አለችኝ። እርስዎ ግን ደጋግመው በስሜ ጠሩኝ።

ዘውድነሽ፦ ካልደጋገምኩት ስለሚጠፋብኝ ነው! እርጅና እንጂ ደግነት እንዳይመስልሽ።

ስንዱ፦ ይሁን፣ እርጅናዎን ወድጄዋለሁ።

ዘውድነሽ፦ ስሚኝ። የመጀመሪያዋን ስትወልጂ ብዙ ደም ፈስሶሻል። እዚህ ደም የለኝም፤ ቀዶ ጥገና የለኝም። ያለኝ ሁለት እጅና ጸሎት ነው።

ስንዱ፦ አያቶቻችን በዚያው አይደል የወለዱት?

ዘውድነሽ፦ የተረፉት ናቸው ያወሩልሽ። የሞቱትማ ምን አፍ አላቸው?

ስንዱ፦ …እሱስ እውነትዎን ነው። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ተማሪዎቼን «መሪ ጨብጦ ፍርሃት የለም!» እያልኩ እጮህባቸዋለሁ። ባለፈው በሆስፒታሉ በር ላለማለፍ ብዬ አንዱን ገበያ ለገበያ አዞርኩት። ምስኪን፣ ልዩ ልምምድ መስሎት አመስግኖኝ ወረደ።

ዘውድነሽ፦ ምን አድርገውሽ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ስንዱ፦ ምንም። ማንም ምንም አላደረገኝም፤ ነገሩ እሱ ነው። እንደወለድኩ ፈረቃ ተቀየረ። ልጄን ለእናቴ ሰጧት። እኔን ብርድ ብርድ ይለኛል፤ ከሥሬ ይረጥባል። አንዷን ነርስ «እህቴ» አልኳት፤ «መጣሁ» ብላ ሄደች።

ዘውድነሽ፦ አልጮኽሽም?

ስንዱ፦ እኔ! በጉሮሮዬ ሲኖትራክ የማስቆመው! ሥራ በዝቶባታል፣ ላላስቸግራት ብዬ ዝም። በይሉኝታ ልሞት ነበር እኮ ሲስተር። ለቀስተኛው «አይ ጨዋነቷ!» እያለ ሊሸኘኝ።

ዘውድነሽ፦ ማን ደረሰልሽ ታዲያ?

ስንዱ፦ አጠገቤ የተኛችው አራስ አንሶላዬን አይታ ጮኸችልኝ። ያን ጊዜ እንኳ አፈርኩ፤ «ኧረ ተዪ፣ ሰው ይረበሻል» አልኳት።

ዘውድነሽ፦ «ዝም አይነቅዝም» ያለው ሰውዬ ወልዶ አያውቅም።

ስንዱ፦ ስለዚህ እዚሁ ልውለድ?

ዘውድነሽ፦ አይሆንም። ደሙ ያለው እዚያ ነው። እኔ ግን አብሬሽ እገባለሁ። የማዋለጃ ክፍሏን ኃላፊ አውቃታለሁ፤ ቀድሜ አነጋግራታለሁ። ፈረቃው ይቀየር፤ እኔ ካጠገብሽ አልነሳም።

ስንዱ፦ እርስዎ? በዚህ ወገብዎ?

ዘውድነሽ፦ በርጩማ ይዤ ነዋ! ደግሞ ብዙ አትመኪብኝ። ራሴ ስወልድ ለሰው ያስተማርኩትን ትንፋሽ ሁሉ ረስቼ ሐኪሙን ነክሻለሁ።

ስንዱ፦ ውይ! የቱ ላይ?

ዘውድነሽ፦ ክንዱ ላይ። ዛሬም መንገድ ላይ ሲያየኝ እጁን ኪሱ ይከታል።

ስንዱ፦ አያስቁኝ፣ ልጁ ይወጣል! …ሲስተር፣ እኔ ግን ራሴን አውቀዋለሁ። ያ በር ጋ ስደርስ አፌ ይተሳሰራል። እንደገና ዝም ብልስ?

ዘውድነሽ፦ አንቺ ዝም ካልሽ እኔ እጮኻለሁ።