በሸራ የተቀመጥነው ለቅሶ

ብምልላችሁም አታምኑኝም። አንድ ታዋቂ ዘፋኝ የሞተ ሰሞን አዋሽ ሰባት ኪሎ ላይ የጭነት መኪና ሸራ ወጥረን ለቅሶ ተቀመጥን። ሾፌሩ፣ ረዳቱ፣ ጎሚስታው ሁሉ እንባውን ሲያፈሰው ወንዙ ሞልቶ ግመል ገዋኔ ድረስ ሳይወስድ አልቀረም። እኔማ በአካል አይቼው የማላውቀውን ሰውዬ «ወንድሜን» እያልኩ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

ወደ ሰመራ የሚሄዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ ለቅሶውን ሰምተው ከአውቶብስ ወረዱና «አላህ ያጽናችሁ» ብለው አጠገቤ ተቀመጡ። ከዚያ ዳጉ ጠየቁኝ። ዳጉ ስትጠየቅ የምታውቀውን ወሬ ሁሉ ትናገራለህ፤ ቆርጦ ማስቀረት በእነሱ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው። እኔም ድምፁን፣ ደግነቱን፣ ዝናውን ዘረገፍኩላቸው።

«ሌላስ?» አሉኝ።

ዘፈኖቹን አንድ በአንድ ጠራሁ።

«ሌላስ?»

ላብ አጠመቀኝ። «አንዲት ልጅ ደፈረኝ ብላ ከስሳው ነበር» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ። በሸራው ሥር የነበረው ለቅሶ ቀጥ አለ።

«እውነት ነው?»

«እንጃ አባ። እሱ አላደረግኩም ይል ነበር። ዳኛው ሳይፈርድ ሞተ፤ አሁን ክሱ ተዘግቷል። ልጅቷም ከእንግዲህ የሚሰማት የለም።»

ሽማግሌው ምን ሊሉኝ ነው ብዬ ዓይን ዓይናቸውን አየሁ። ሽርጣቸውን አራግፈው ተነሱና ጠየቁኝ፦

«የልጅቷ ድንኳን በየት በኩል ነው? እሷንም ለቅሶ ደርሼ ልለፍ።»