የተቆለፈበት ዋይፋይ

የቢሯችን ዋይፋይ ሲፈልግ ይፈጥናል፣ ሲፈልግ ይጠፋል። ላፕቶፔን አጥፍቼ አበራሁ፤ ወንበሬን ጣናን ወደሚያየው መስኮት አስጠጋሁ፤ ያው ነው። ግራ ቢገባኝ ላፕቶፔን ታቅፌ፣ ሲግናሉ ወደሚበረታበት ስሄድ ንብረት ክፍል ደረስሁ። ዋይፋዩን የሚያሰራጨው ራውተር የብረት ካቢኔት ውስጥ ተቀምጧል።

«ጋሽ ምናለ፣ ምነው እዚህ አስገቡት?» አልኋቸው የንብረት ክፍሉን ኃላፊ።

«በስሜ የተመዘገበ ነው፤ ቢጠፋ የምጠየቅ እኔ ነኝ። ስኖር እከፍተዋለሁ፣ ስወጣ እቆልፈዋለሁ።»

«በሉ እንግዲያው እኔ ልረከብዎት» ብዬ ፈረምሁና ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ ሰካሁት። ቢሮው ሁሉ መረቀኝ።

ምሳ በልቼ ስመለስ ባልደረቦቼ «ራውተሩ የት ገባ?» እያሉ ጠበቁኝ። ቁልፌን ከኪሴ አወጣሁ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ስወጣ ነቅዬ መሳቢያዬ ውስጥ የቆለፍሁበት እኔው ነበርሁ።