ሁለት ቦታ የታዘዘው ትራክተር

ከሽንፋ ወደ ኮኪት ስጓዝ የተሳፈርኩበት መኪና ጎማ ፈነዳና፣ ሾፌሩ እስኪቀይር ጥላ ፍለጋ ወደ አንድ የእርሻ ካምፕ ጎራ አልኩ። ከዳሱ ሥር አቶ ደምለውን አገኘኋቸው፤ በሰሊጥ እርሻ ያረጁ ሰው ናቸው። አጠገባቸው ዩኒቨርሲቲ የጨረሰችው የወንድማቸው ልጅ ስርጉት ላፕቶፕ ከፍታለች።

“እንኳን መጡ ዶክተር!” አሉኝ። ጤና መኮንን መሆኔን ስንት ጊዜ ብነግራቸውም ማዕረጌን ዝቅ አያደርጉልኝም። “ይችን ልጅ ይገላግሉኝ። አጨዳውን ሳይታጨድ ላሳይዎ ትለኛለች።”

“ጋሼ፣ ሥራ የሚታቀድበት ፕሮግራም ነው። መጀመሪያ ገጹን ይልመዱት።”

“ለምጀዋለሁ። ይህ ረጅሙ የወንዝ ዳሩ ማሳዬ ነው፣ አጭሩ ደግሞ የመንገድ ዳሩ። ግን ምነው አሳነስሽው?”

ስርጉት አልሳቀችም፤ ይህን ወደድኩላት። ዕድሜውን ሁሉ መሬት ሲያርስ የኖረ ሰው ባለቀለም መስመር ሁሉ ማሳ ቢመስለው አይፈረድበትም።

“ማሳ ሳይሆን ጊዜ ነው ጋሼ። በግራ በኩል የሥራዎቹ ስም አለ፤ አጨዳ፣ የደረቀውን ሰሊጥ ከነዶው ማራገፍ፣ ውሃ ማመላለስ። ከላይ ቀኖቹ ተደርድረዋል። ከየሥራው ትይዩ ያለው መስመር ሥራው መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ ያሳያል፤ ረዘመ ማለት ብዙ ቀን ይፈጃል ማለት ነው። ከላይ እስከ ታች የወረደችው ቀጭን መስመር ደግሞ ዛሬ ናት።”

የአቶ ደምለው ፊት ጠቆረ።

“ከዛሬ ወዲያ ያለውስ የማን ነው? የእግዜር አይደለም? አባቴ አጨዳ የሚገባበትን ቀን አስቀድሞ ከአፉ አውጥቶ አያውቅም።”

“እግዜር ያላለው እንደማይሆን እኔም አምናለሁ። ዝናብ ከመጣ መስመሩን ገፋ አደርገዋለሁ፤ በነዚህ ቀስቶች የተያያዙት ሥራዎችም አብረው ይገፋሉ።”

“እኔ ሁሉንም በጭንቅላቴ ይዤዋለሁ።”

“ዓምናም ይዘውት ነበር” አለች ስርጉት፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ዓምና ትራክተሩ ሰሊጥ ጭኖ ኮኪት ሲውል ለሠራተኞቹ ውሃ የሚያመጣ ጠፋ። ባየልኝ የሚባል ከጎጃም የመጣ ወጣት በሐሩሩ ወድቆ ሞተ። ጤና ጣቢያ ሲያደርሱልኝ ትንፋሽ አልነበረውም።

“ቀኑ ደርሶ ነው” አሉ አቶ ደምለው፣ ዓይኔን ሳያዩ።

“ውሃ ቢደርስለት ይተርፍ ነበር” አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ መናገር ይከብዳል፤ ግን እውነቱን ብውጠው ለማን ይጠቅማል?

ስርጉት ወደ ገጹ ግርጌ አመለከተች። “እዚህ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ማን እንደሆነ ይታያል። ትራክተርዎ ይኸው። መስመሩ ለምን የቀላ ይመስልዎታል?”

ሽማግሌው መነጽራቸውን አደረጉ። በጣታቸው ከቀላው መስመር ተነስተው ከላይ ቀኑን ፈለጉ፣ ከዚያም ወደ ግራ ዞረው ቀስ እያሉ አነበቡ። “ሰሊጥ ማጓጓዝ... ውሃ ማመላለስ... ሁለቱም በአንድ ቀን?”

“የነገሩኝን ብቻ ነው ያስገባሁት። ትራክተሩ ግን አንድ ነው።”

“ዘንድሮም ልደግመው ኖሯል?” ጣታቸውን ቀዩ ላይ አሳረፉ። “ሰሊጡን ግፊው። ውሃው ከቦታው እንዳይነቃነቅ!”

“ዋጋ ሳይወርድ ገበያ መድረስ አለበት ብለውኝ ነበር እኮ።”

“ብያለሁ። ግፊው!”

ገፋችው፤ ቀዩ ጠፋ።

ፕሮግራም ለሠራተኛ አያዝንም፤ የሚያዝነው ሰው ነው። ሐዘናችን ግን ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቀብር በኋላ ነው። ይህን ገጽ ማንበብ የለመደ ገበሬ ችግሩን ሳይደርስ ያየዋል፣ ከጎረቤት ትራክተር በጊዜ ይለምናል፣ ሠራተኛውም ሳይጠማ ሰሊጡ ሳይረግፍ ይሰበሰባል። ለዚህ አንድ ከሰዓት ቁጭ ብሎ መማር አይበዛም።

የሾፌሩ ጥሩምባ ሲጠራኝ አቶ ደምለው ገና ዓይናቸውን ከገጹ አልነቀሉም ነበር።

“የባየልኝ ታናሽ ወንድም ሥራ ይሰጡኝ እንደሆነ ብሎ ደውሎልኝ ነበር” አሉ። “አፍሬ መልስ አልሰጠሁትም። ደውይለት ልጄ፤ ይምጣ።”