ለቅሶዎን ማን ደረሰ? የአቶ ሰብሐት ብርሀነ ዜና ሕይወት

በዚህ ብርድ ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ሺፍት ቀይራችሁ፣ ሥራችሁን ትታችሁ ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈላችሁ። እኔ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም እሸቱ ነኝ። ይህን እንዳነብ ያዘዙኝ ራሳቸው ሟቹ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ከመካከሉ ጥቂት እንድዘል የለመኑኝ ሰዎች ነበሩ፤ አልዘልም።

አቶ ሰብሐት ብርሀነ ከአባታቸው ከአቶ ብርሀነ ተሰማና ከእናታቸው ከወይዘሮ ማንተግቦሽ ይመር በ1954 ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የሰፈሩ እድር ለፋፊ ነበሩ፤ ሰው ሲሞት ወፍ ሳይንጫጫ ተነሥተው፣ ጥሩምባቸውን ነፍተው፣ የሟችን ስምና የቀብሩን ሰዓት በአንድ ትንፋሽ ተናግረው ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፉ ነበር። አቶ ሰብሐት በልጅነታቸው አባታቸውን ተከትለው ይዞሩ ስለ ነበር፣ ንግግር ባጠረ ቁጥር ሩቅ እንደሚደርስ የተማሩት ትምህርት ቤት ሳይገቡ በደሴ ዳገት ላይ ነው። አባታቸው ከተጣሏቸው ሰው ደጅ ሲደርሱ ድምፃቸውን ይበልጥ ከፍ ያደርጉ እንደ ነበር፣ ለምን ሲባሉም ለፋፊ ደጅ አይመርጥም ይሉ እንደ ነበር፣ አቶ ሰብሐት በየጨዋታው መካከል ያነሡት ነበር። ምነው ማንሣት ብቻ ባልሆነ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በተወለዱበት ከተማ፣ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአዲስ አበባ አጠናቀው፣ ለብዙ ዓመታት የሬዲዮ ማስታወቂያ ጸሐፊ ሆነው አገልግለዋል፤ ስለ ሳሙናና ስለ ቀለም የጻፏቸው ማስታወቂያዎች ልጆች በየመንገዱ የሚያዜሟቸው ነበሩ። በ1989 ዓ.ም. ከእኅቴ ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ኑሀሚንንና ትንሳኤን ወልደዋል። እኅቴ በሒሳብ ሙያዋ የመኖሪያ ፈቃድ አግኝታ እ.ኤ.አ. በ2008 ቤተሰቡ ወደ ሜልበርን ሲመጣ፣ አቶ ሰብሐትም ሰንሻይን ሰፈር በሚገኝ መጋዘን ተቀጠሩ፤ ዕድሜ ልካቸውን ቃል ሲመርጡ የኖሩት ሰው ካርቶን መምረጥ ጀመሩ። ለማንም አላማረሩም፤ ነገር ግን ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው እንደ ኖረ እኛ እናውቃለን።

እ.ኤ.አ. በ2013 የሜልበርን ኢትዮጵያውያን ማኅበራችን የፕሬዚዳንት ምርጫ ደረሰ። እንደምታውቁት በደንባችን መሠረት እያንዳንዱ የከተማ ክፍል አስቀድሞ በቅድመ ምርጫ የራሱን ዕጩ ይለያል። በእኛ በምዕራቡ በኩል የቀረቡት የጉዞ ወኪሉ አቶ አምኃና ያራቪል የሚኖሩት ነርሷ ወይዘሮ ሮማነወርቅ ነበሩ። አቶ አምኃ የዘመቻቸውን መልእክት እንዲቀርጹላቸው አቶ ሰብሐትን ለመኗቸው፤ ከዓመታት በኋላ ሙያቸውን የሚፈልግ ሰው በማግኘታቸው ደስ ያላቸው አቶ ሰብሐትም፣ ባለቤታቸው ይቅርብህ እያለቻቸው ገቡበት።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ለአዛውንት አስተርጓሚ፣ ለሴቶች የመንጃ ፈቃድ ልምምድ፣ ለልጆች የአማርኛ ትምህርት የሚል ረጅም ዕቅድ አሳትመው በተኑ፤ አንብቦ የጨረሰው ሰው የለም። አቶ ሰብሐት ግን በየሱቁና በየፀጉር ቤቱ እየተቀመጡ ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚፈራው ምን እንደ ሆነ ሲያዳምጡ ሰነበቱ፤ የደረሱበትም፣ ስደተኛን ሥራ ከማጣት ይልቅ ቀባሪ ማጣት እንደሚያስፈራው ነበር። ስለዚህ ዘመቻውን በሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ አቆሙት፦ ለቅሶዎን ማን ደረሰ?

ጥያቄው ተቀናቃኝን በስም አይጠራም፤ ስም ስለማይጠራም ሐሜት ነው ብሎ የሚከራከረው የለም፤ መልሱን የሚሞላው ሰሚው ራሱ ነው። አቶ አምኃ የራሳቸው ሥራ አለቃ ስለ ሆኑ ከለቅሶ ቀርተው አያውቁም፤ ሳጥን ሲነሣ ሁልጊዜ ከፊት ናቸው። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ቅዳሜና እሑድ አዛውንት መጦሪያ ውስጥ ሺፍት ስለሚገቡ ቀብር ላይ አይታዩም፤ በሥራ ቀን ብቻቸውን መጥተው፣ ሐዘንተኛ አጽናንተው፣ ዕቃ አጥበው ሲሄዱ ያየላቸው የለም። አቶ ሰብሐት ይህን አሳምረው ያውቁ ነበር። እያወቁም ደጋፊዎቹን፣ ስለ ሴትዮዋ ክፉ እንዳይናገሩ፣ ጥያቄውን ብቻ ጠይቀው ዝም እንዲሉ አሠለጠኗቸው። ሥራቸው የተዋጣለት ነበር፤ ይህን አልክድም።

ምርጫው ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የወይዘሮ ሮማነወርቅ እናት አገር ቤት አረፉ። ዘመዶቻቸው ሽማግሌ ሰብስበው በወጉ እንዲያረዱላቸው አደራ ብለው የደወሉት ለአቶ ሰብሐት ነበር፤ ያ የለፋፊ ልጅ ነው፣ ወጉን ያውቃል ተብሎ። አቶ ሰብሐት ነገሩን ለዘመቻው ኮሚቴ አቀረቡ። ኮሚቴውም አቶ አምኃ ባሉበት ተሰብስቦ፣ ሕዝቡ ወደ ሴትዮዋ ቤት ከጎረፈ ጥያቄያችን ፈረሰ፣ ሰው ያዝንላቸዋል ብሎ፣ መርዶው ከምርጫው በኋላ እንዲሆን ወሰነ። መርዶን ለእረፍት ቀን ማቆየት በእኛ ዘንድ ያለ ወግ ስለ ሆነ ማንም አልጠረጠረም፤ ገና አልተረዱምና አፋችሁን ያዙ የሚል ማስጠንቀቂያ በየቤቱ ዞረ።

ወይዘሮ ሮማነወርቅ ግን ሐሙስ ጠዋት ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ ሰንሻይን ጣቢያ ከባቡር ወርደው ፌስቡክ ሲከፍቱ የእናታቸውን ፎቶ ከሻማ ጋር አዩ። በመጀመሪያ ልደታቸው መስሏቸው ነበር። ከዚያም ወደ ቤታቸው ተመልሰው ወንበሮቹን ወደ ግድግዳ አስጠጉ፤ በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ፤ ለቅሶ ጥሪ የለውም ብለው ለማንም አልደወሉም። ሐሙስ አለፈ፤ ዓርብ አለፈ፤ ቅዳሜም አለፈ። ሰው አልመጣም፤ ሁላችንም ገና አልተረዱም ብለን ምላሳችንን ነክሰን በየቤታችን ተቀምጠን ነበር። እሑድ በምርጫው አዳራሽ ሳይገኙ ሲቀሩ፣ ለራሳቸው ምርጫ እንኳ አልደረሱም ተብሎ ተሳቀ። አቶ አምኃ ተመረጡ፤ በኋላም ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከሐሙስ ጀምሮ ተረድተው ብቻቸውን መቀመጣቸው ሲታወቅ ሰው አፈረ፤ ያፈረ ሰው ደግሞ ደጅ መርገጥ ይከብደዋልና፣ ያን ደጅ ለለቅሶ የረገጠ እስከ ዛሬ አልተገኘም።

አቶ ሰብሐት ባለፈው ዓመት የቆሽት ካንሰር ታመሙ። ፕሬዚዳንቱ አበባ ልከዋል፤ አበባው ያምር ነበር። ሆስፒታል እየመጡ ከንፈራቸውን በጥጥ ያረጥቡ የነበሩት ግን ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው። አቶ ሰብሐት እያለቀሱ ይቅርታ ቢጠይቋቸው፣ «ጋሼ፣ ለእኔ በጆሮዬ ቢነግሩኝ ምን ያደርግልኛል? ለሰው የነገሩትን ለሰው ይመልሱልኝ» አሏቸው። ከዚያ በኋላ የአቶ ሰብሐት ጭንቀት በሽታቸው አልነበረም፤ ይህችን ነገር ሳይመልሱ መሞት ነበር። በጠቅላላ ጉባኤ ቆመው እንዲናገሩ ማኅበሩን ጠየቁ፤ አጀንዳ ሞልቷል ተባሉ። ደግመው ጠየቁ፤ ሲሻልዎት ተባሉ። እንደማይሻላቸው የማያውቅ አልነበረም።

አቶ ሰብሐት ባለፈው ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በተወለዱ በሃምሳ አምስት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ዓይናቸውን የከደኑላቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ናቸው። ዛሬ ቅዳሜ ነውና እዚህ የሉም፤ ሺፍት ላይ ናቸው። ማን ቀረ ብላችሁ ዙሪያችሁን ስትቃኙ የነበራችሁ ካላችሁ፣ ይህ ይበቃችኋል።

ሟቹ ባለቤታቸውን ወይዘሮ በለጥሻቸውን፣ በአማርኛ ሲጠሯቸው በእንግሊዝኛ እየመለሱ ያደጉትን ልጆቻቸውን ኑሀሚንንና ትንሳኤን፣ ደሴ ያሉትን እኅታቸውን ወይዘሮ ቅዱሳንን፣ አንድ ያላደረሱትንም መርዶ ትተው ሄደዋል። ኑዛዜያቸው አጭር ነው፦ ከቀብሬ በኋላ ወደ እኔ ቤት እንዳትመጡ፤ ወደ ሮማነወርቅ ሂዱና የእናታቸውን ለቅሶ ድረሱልኝ ብለዋል። እኅቴም ፈቅዳለች፤ ሜድስቶን ያለው ቤታቸው ዛሬ ዝግ ነው።

አምላክ ሆይ፣ ደጅ መርጠው የለፈፉትን የአገልጋይህን የሰብሐትን ነፍስ፣ ደጅ በማይመርጠው ምሕረትህ ተቀብለህ አሳርፍ፤ የቀረነውንም አታሳፍረን፤ አሜን።

አሁን ሳጥኑ ይነሣል፤ ፕሬዚዳንታችንም እንደ ልማዳቸው ከፊት ይያዙ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከሥራ የሚወጡት አሥር ሰዓት ላይ ነው። እኔ ከደጃቸው ቆሜ የሚመጣውን ሰው አያለሁ።