በይሉኝታ የተነሳች ጣት

ከሰበታ ወደ ዓለም ገና በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌና አጠገባቸው ያለች ሴት እየተጯጯሁ ያወሩ ነበር።

«ልጄ ጆሮዬን ልታስመረምረኝ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ማዳመጫ አድርጋልኝ፣ ‹ድምፅ በሰሙ ቁጥር ጣትዎን ያንሱ› አለችኝ።»

«እና ሰሙ አባባ?»

«ምንም!»

«ጣትዎንስ?»

«አነሳኋ! እንዴት በተስፋ እንደምታየኝ ብታዪ! የሰው ልጅ እንዴት አሳፍራለሁ?»

«እሷስ ምን አለች?»

«‹በጣም ቀጭኑን ድምፅ ሁሉ ይሰማሉ፤ እንዲህ ያለ ጆሮ ወጣት ላይም አላየሁ› ብላ ልታጨበጭብልኝ ምንም አልቀራት።»

«ጉድ ነው!»

«ጉዱማ ቤት ነው። ልጄ ‹ለካ እስከ ዛሬ እየሰማህ ነው ዝም የምትለኝ› ብላ አኩርፋኛለች። አሁን ጭራሽ አታናግረኝም።»

ሴትየዋ አዘነችላቸው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ታዲያ እውነቱን ለምን አይነግሯትም?»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«አሜን ልጄ፣ አሜን! ለሁላችንም ያድርገው።»

ወዲያው ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ የሆነ ነገር ሲለኝ አልሰማሁትም፤ ፈገግ ብዬ አንገቴን ነቀነቅሁ።